ደሙን የሚሰጥ ቃሉንም ይሰጣል

ሰው ለሰው የሚሰጠው ስጦታ ብዙ ዐይነት ነው። እህል የተሰጠው ሰው አንፍሶና አበጥሮ ነቀዝ የበላውን ለይቶ ይጥላል። ገንዘብ የተሰጠው ቆጥሮ ይቀበላል፤ ልብስ የተሰጠውም ወደ ብርሃን አውጥቶ ቀዳዳ እንዳለበት ይመለከታል። ደም የሚሰጠው በሽተኛ ግን አልጋ ላይ ተኝቶ ክንዱን ከመዘርጋት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። የሰጪውን ፊት አላየም፤ ስሙን አያውቅም፤ ስለ ኑሮውም አልጠየቀም። ስለዚህ የደም ስጦታ ከሌላው ስጦታ የሚለየው፣ ከደሙ ጋራ የሰጪው እውነተኛ ቃል አብሮ መሰጠት ያለበት በመሆኑ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የጤና ትምህርት የምታስተምረን ነርስ እንዳይረጋ መድኃኒት የተጨመረበትን ደም በጠርሙስ አቁማ በማግሥቱ አሳየችን። ቀዩ ወደ ታች ወርዶ፣ ከላይ የገለባ መልክ ያለው ቢጫ ውኃ ተንሳፎ ነበር። ይህ ቢጫ ውኃ ፕላዝማ ይባላል። ከደማችን ከግማሽ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙ ውኃ ሲሆን፣ በቀረው ውስጥ ቁስል ሲያገኘን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉና በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ከእነዚህም ደማቸው አልረጋ ለሚል ሰዎች፣ በእሳት ለተቃጠሉና በሽታን የመከላከል ኃይል ሳይኖራቸው ለተወለዱ ልጆች መድኃኒት ይሠራል። በሙያው ያሉ ሰዎች እንደሚያሰሉት፣ የመከላከል ኃይል ለሌለው ለአንድ በሽተኛ የአንድ ዓመት መድኃኒት ለማዘጋጀት ከ130 ጊዜ በላይ የተሰጠ ፕላዝማ ያስፈልጋል።

ይህን ፕላዝማ ለዓለም በብዛት የምታቀርበው አገር አሜሪካ ናት። በዚያ አገር መኪናው ደሙን ከክንድ ስቦ፣ በኃይል አሽከርክሮ፣ ቢጫውን ውኃ ያስቀርና ቀዩን ደም ወደ ሰውየው ይመልሰዋል። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሕጉም በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ መስጠትን ይፈቅዳል። ለሰጪውም ገንዘብ ይከፈለዋል። በእኛ አገር «የደም ዋጋ» ሲባል ለተገደለ ሰው ወገን የሚከፈል ካሣ ነበር፤ በዚያ ግን በሕይወት ያለው ሰው ራሱ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህም ችግረኛ ሠራተኛና ኪራይ የጎደለበት ተማሪ ወደ ጣቢያው ይመላለሳል፤ የእኛም ልጆች ከእነርሱ ውስጥ ይገኛሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከአሜሪካ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ የቤት ኪራይ ጎድሎብኛል፤ ፕላዝማ ሰጥቼ ልሞላው አስቤአለሁ። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋራ ካናቢስ አጨሳለሁ። ጓደኞቼ ‹ቢጠይቁህ አላጨስም በል፤ ማን ያውቅብሃል?› ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ካናቢስ ያለው በእኛ አገር ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የሚባለውን ነው። በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካ ግን ብዙ ክፍለ ግዛቶች ፈቅደውታል።

ጥያቄውን ወደድሁት፤ ለመዋሸት የቈረጠ ሰው ምክር አይጠይቅምና። ከመመለሴ በፊትም ነገሩን መረመርሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካናቢስ በማጨሱ ብቻ ማንንም ከለጋሽነት አይከለክልም። የአሜሪካ ቀይ መስቀልም ደም ሲቀበል ማጨሱን ባያበረታታም፣ ጤንነት የሚሰማውን ሰው ስላጨሰ ብቻ አይመልስም፤ ማስታወስና ማስተዋል እስኪሳነው የደነዘዘውን ግን አይቀበልም። ፕላዝማ የሚሰበስቡት ጣቢያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ደንብ ሊጨምሩ ይችላሉ። እንግዲህ ጓደኞቹ ውሸት ያዘጋጁለት፣ እውነት ቢናገር ላያስከለክለው ለሚችል ነገር ነበር። ብዙ ውሸት እንዲህ ነው፤ ሰው መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳይጠይቅ አጥር ሲዘል ልብሱን ይቀዳል።

«ካልተከለከለ ቢዋሽ ማንን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ሦስት ምክንያት እሰጠዋለሁ።

አንደኛው የአእምሮና የልብ ነገር ነው። ሰው ፕላዝማ ከመስጠቱ በፊት ስለ ሕመሙ፣ ስለሚወስደው መድኃኒት፣ በመርፌ ዕፅ መውሰድ አለመውሰዱን ይጠየቃል፤ አደጋውም ተነግሮት ፈቃዱን ይፈርማል። ጢሱ በራሱ ላይ ያለ ሰው ግን ጥያቄውን በደኅና ሊያስተውል፣ ፊርማውም የልቡ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ካናቢስ ከተጨሰ በኋላ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ለጋሽ የሚሆን ሰው የልቡ ምት በደቂቃ ከ50 እስከ 100 እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል፤ ይህም የተደነገገው ለራሱ ለሰጪው ደኅንነት ነው።

ሁለተኛው፣ ሰው የሚያጨሰውን ነገር ሁልጊዜ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ከአፍንጫቸው፣ ከድዳቸውና ከሽንታቸው ደም እየፈሰሰ ሐኪም ቤት ገቡ፤ የሞቱም ነበሩ። ያጨሱት በካናቢስ ምትክ በፋብሪካ የተቀመመ ሐሰተኛ ዕፅ ሲሆን፣ ብሮዲፋኩም የሚባል የአይጥ መርዝ ተቀላቅሎበት ነበር። ይህ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግና በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ነው። በዚያው ዓመት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህን ዕፅ ከተጠቀሙት መካከል ፕላዝማ የሰጡ እንደሚገኙ ሰምቶ የደም ሰብሳቢዎችን አስጠነቀቀ። ደሙ እንዲረጋለት ለሚለምን በሽተኛ ደም የማያረጋ መርዝ መላክ ምን ያህል ክፉ ነገር እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ሦስተኛው፣ ምርመራ ሁሉን አያይም። ጣቢያዎቹ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ይመረምራሉ፤ ነገር ግን በሽታው በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሣሪያው ላያገኘው ይችላል። በዚያን ጊዜ የሰጪው ቃል አንዱ ትልቅ ጠባቂ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ምርመራው ገና ሳይገኝ፣ ከብዙ ሺህ ሰዎች ፕላዝማ ተቀላቅሎ በተሠራ መድኃኒት ምክንያት ደማቸው የማይረጋ በርካታ ሰዎች ኤች አይ ቪ ያዛቸው። ራያን ኋይት የተባለው የኢንዲያና ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ በ1984 በሽታው ተነገረው፣ ከትምህርት ቤትም ተከለከለ፣ በ1990 በ18 ዓመቱ ዐረፈ። የዚያ ዘመን ጥፋት የሰጪዎች ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒት ሠሪዎችና ባለሥልጣኖችም በመዘግየታቸው ተወቅሰውበታል። ነገር ግን የአንድ ሰው ጠብታ በብዙ ሺህ ሰው ጠብታ ውስጥ እንደምትደባለቅ ከዚያ ወዲህ ማንም አላውቅም ሊል አይችልም። ዛሬ ካናቢሱን የደበቀ ሰው ነገ መርፌውን ይደብቃል፤ ምላስ ትንሹን ውሸት ከለመደች ለትልቁ አታፍርምና።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ጻፍሁለት። እርሱም ሄደ። በሄደበት ቀን ከሰዓታት በፊት አጭሶ ነበርና የልቡ ምት ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ሲጠይቁትም እውነቱን ተናገረ። ሌላ ቀን እንዲመለስ ተነግሮት ያለ ገንዘብ ወጣ። የጎደለውን ኪራይ ከአንድ አገሩ ሰው ተበድሮ ሞላ፤ ብድሩንም ከፍሎ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀበት። «ጋሼ፣ እውነት መናገር ያስከፍላል» ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነው፤ ያስከፍላል። ለወጣቶች «እውነት ተናገሩ፣ ምንም አይጎድልባችሁም» ብሎ የሚያስተምር መምህር ራሱ ይዋሻል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የእውነትን ዋጋ የሚከፍለው ተናጋሪው ሲሆን፣ የውሸትን ዋጋ የሚከፍለው በማያውቀው አገር የተኛ በሽተኛ ነው።

ነገር ግን እውነት ከሰጪው ብቻ የሚጠየቅ አይደለም፤ ተቀባዩም ባለዕዳ ነው። ይህንም የእኛ ወገኖች በመራራ ሁኔታ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን የሰጡት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት ምክንያት ሳይነገራቸው በስውር ሲጣል መኖሩ ተገለጠ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፈው ጮኹ። ያስቈጣቸው ደማቸው መጣሉ ብቻ አልነበረም፤ ፊት ለፊት «አመሰግናለሁ» እየተባሉ ከኋላ መናቃቸው ነበር። በግልጽ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ስለ ራሱ በመለሰ ነበር። ሳይጠይቁ በዘር መፍረድም፣ ተጠይቆ መዋሸትም ሁለቱም ያንኑ አደራ ያፈርሳሉ።

መልካሙን ምሳሌ ደግሞ ከአውስትራሊያ እናገኛለን። ጄምስ ሃሪሰን በ14 ዓመቱ ደረቱ ተቀዶ በሌሎች ሰዎች ደም ዳነ፤ ዕድሜው ሲደርስም ውለታውን ሊከፍል ቈረጠ። ከ1954 እስከ 2018 ድረስ ያለ ክፍያ 1,173 ጊዜ ሰጠ። በፕላዝማው ውስጥ የተገኘው ብርቅ ንጥረ ነገር፣ ደማቸው ከእናታቸው ደም ጋራ ባለመስማማቱ በማሕፀን ለሚጎዱ ሕፃናት መከላከያ ሆነ። በ2025 ሲያርፍ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት በእርሱ ስጦታ እንደ ተረዱ ይነገር ነበር።

ልጄ ሆይ፣ እንደ ሃሪሰን ያለ ብርቅ ደም ላይኖርህ ይችላል፤ እንደ እርሱ ያለ ቃል ግን ሊኖርህ ይችላል። ለገንዘብ ብትሄድም አላፍርብህም፤ ድኻ በላቡ እንደሚኖር በፕላዝማውም ቢረዳ ነውር የለበትም። ነገር ግን «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለውን አትርሳ። ባታጨስ ለአንተ ይሻልሃል፤ የሰው አገር ሰው ከሆንህ ደግሞ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድ እንኳ የስደተኛው ሕግ ላይፈቅድልህ ይችላልና ሳትጀምር አስብበት። ካጨስህ ግን ደንዝዘህ ወደ መርፌው አትቅረብ፤ ምንነቱን የማታውቀውን ቅመም ከቶ አትንካ። ሲጠይቁህ እውነቱን ተናገር፤ ቢመልሱህም በደኅና ተመለስ። ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ለማታየው ሰው ስትቈርስ ግን አለማሳነስ ይበልጥ ያስከብርሃል።