የአባቴ ሙያዎች

አባቴን «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ማለት አለበት። ደባርቅ ዳር ገብስ ያርሳሉ፤ ንብ ያነባሉ፤ ወለምታ ያሻሉ፤ የጎረቤት ራዲዮ ፈትተው ሲገጥሙ ደግሞ ሁለት ብሎን ይተርፋቸዋል። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ብለው ኪሳቸው ይከቷቸዋል። ራዲዮው መናገሩን እስካልተወ ድረስ ማን ይከራከራቸዋል!

ዋናው እንጀራቸው ግን በቅሎ ነው፤ ለተራራ ጎብኚ ያከራያሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ያውቃሉ፤ ግርምታቸው ግን ሌላ ነው። «ፈረንጅ ዳገት ለመውጣት ይከፍላል፤ እኛ በነፃ ወጥተን እናማርራለን።» ሳንቃበር ላይ ሣር የሚግጡትን ጭላዳዎች ቱሪስቱ ሲያደንቅ፣ «ቆንጆ ናቸው፣ ገብሴን እስካላዩት ድረስ» ይላሉ። (አስተርጓሚው ይህችን አብዛኛውን ጊዜ ይዘላታል።) ልጅ ከቸኮለባቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሊማሊሞን በቀጥታ የወረደ ድንጋይ ብቻ ነው!» ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ያየ ሰው ክርክር አያነሳም።

አንድ ጊዜ ሁለተኛ በቅሎ ሊገዙ ዳባት ገበያ ወርደው የልብስ ስፌት መኪና አስጭነው ተመለሱ።

«በቅሎዋስ?» አለች እናቴ።

«ይህችኛዋ ገብስ አትበላም።»

መኪናዋ የእናቴ ትሆናለች ብለን ነበር። ይኸው አባቴ ለበቅሎዋ ግላስ እየሰፉባት ነው፤ የእናቴ ቀሚስ ወረፋ ይጠብቃል።