መከታና ጎረቤቶቹ

ውሻ ለምን ይጮኻል ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ሥራው ስለ ሆነ ነዋ!» ብሎ የሚመልሰው ሰው ይበዛል። መልሱም ከእውነት የራቀ አይደለም። በአገራችን ገጠር ውሻ የሚያዘው ለጌጥ ወይም ለጨዋታ ሳይሆን፣ ሌሊት ጅብን ከበረት፣ ቀን ዝንጀሮን ከማሳ እንዲያርቅ፣ ሌባም ሲመጣ እንዲያሳውቅ ነው። ጩኸቱ ደመወዝ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው፤ ደመወዙም ትራፊ ነው። ችግር የሚነሣው ይህ ታማኝ አገልጋይ ጅብንና ጎረቤትን መለየት ሲያቅተው ነው።

የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጎረቤላ እንዲህ ያለው ችግር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በእኛ ሠፈር ቤቶቹ በተዳፋት ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ የአንዱ መተላለፊያ በሌላው አጥር ሥር ነው። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ አገሩን ሲሸፍነው ደግሞ ጥቂት ክንድ ርቆ የሚመጣው ሰው ወዳጅ ይሁን ባዳ በዓይን አይለይም።

መከታ የሚባለው ውሻችን ወደ ቤታችን ሲመጣ ስድስት ወር ያህል ሆኖት ነበር። ያደገው ከመንደር ርቆ በሚገኝ የበጎች ማደሪያ ሲሆን፣ ከአንድ እረኛ በቀር የሰው ፊት አያውቅም። ቡችላ ሰውን በቀላሉ የሚለምደው ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ መከታ ግን ያን ጊዜ በበግ መካከል ጨርሶታል። በመጣ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሌሊት በረታችንን ሊሰብር የነበረውን ጅብ እስከ ገደሉ አፋፍ አባረረው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ መከታ ክፉ ነገር መስማት አይፈልጉም ነበር።

በአጥራችን ሥር አልፈው ወደ ቦኖ ከሚወርዱት ጎረቤቶቻችን መካከል ሁላችንም «እማማ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት አሮጊት አሉ። አንድ ጠዋት መከታ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ሲጮኽባቸው፣ ጀሪካናቸው ከእጃቸው አምልጦ ቁልቁል ተንከባለለ፤ እርሳቸውም በጉልበታቸው ወደቁ። ጥርሱ አልነካቸውም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ እርጅናቸው ረጅሙን ዳገት እየዞሩ ውሃ መቅዳት ጀመሩ። ከእናቴ ጋር ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ የኖረው ቡና መጠራራትም ቀረ። ልጅ ሲላክባቸው «ራሴን አሞኛል» ይሉ ነበር፤ ያመማቸው ራሳቸው አለመሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከበላያችን ያሉት ጎረቤት ደግሞ ነገሩን አላለዘቡትም። አባቴን መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ጋሼ፣ ወይ ውሻዎን አስረው ያኑሩ፣ ወይ እኛ በቁራሽ ሥጋ እንገላገለዋለን» አሏቸው። በቁራሹ ሥጋ ውስጥ ምን እንደሚኖር መናገር አላስፈለጋቸውም።

ታላቅ ወንድሜ መድኃኒቱ ዱላ ነው ብሎ ሰው ባለፈና መከታ በጮኸ ቁጥር ይመታው ጀመር። ጩኸቱ ግን ባሰበት። ውሻ የሰውን ሐሳብ አያነብም፤ እርሱ የሚያየው ጎረቤት ብቅ ሲል ሕመም ተከትሎ መምጣቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትን ከወትሮው አብልጦ ጠላ። ቀጥሎም በገመድ ታሰረ፤ መቅረብም መሸሽም ያልቻለ ውሻ ግን የቀረው ጩኸት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጩኸቱ ሁልጊዜ የሚሳካለት ይመስለዋል። መንገደኛው ወደ ጉዳዩ ሲያልፍ፣ ውሻው «እኔ አባረርሁት» ይላል። መከታ ስንት ሰው እንዳባረረ ቢጠየቅ፣ በቀን ሠላሳ ሳይል አይቀርም ነበር።

በትምህርት ቤት ስለ ሩሲያዊው ሊቅ ስለ ኢቫን ፓቭሎቭ (1849–1936 እ.ኤ.አ.) ተምሬ ነበር። ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ጥናት በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ገና የሚያበላቸውን ሰው ሲያዩ ምራቃቸው እንደሚወርድ አስተዋለ፤ ከዚያም ምግብ ከመስጠቱ በፊት ድምፅ እያሰማ፣ ድምፁ ብቻውን ምራቃቸውን እንዲያመጣው አደረገ። ጎረቤትና ዱላ በመከታ አእምሮ ውስጥ ከተጣመሩ፣ ጎረቤትና ዳቦ የማይጣመሩበት ምክንያት አልታየኝም።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ አጥንት አይታሰብም። የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ የገብስ ዳቦ ቁራሾችን በኪሴ ይዤ፣ መከታን ከመተላለፊያው ርቄ፣ ሰው ሲያይ ጆሮውን ቢያቆምም ከማይጮኽበት ቦታ ላይ አቆመው ነበር። ሰው እንደ ታየ፣ ገና ሳይጮኽ፣ ዳቦ፤ ሰው ሲሰወር ዳቦውም ያቆማል። በየጥቂት ቀኑ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ አጥሩ እንቀርባለን፤ ከጮኸ ወደ ኋላ እንመለሳለን። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ «ዝም በል!» እያለ መጮኹን እንዲተው ለመንሁ፤ ውሻ ይህን ሲሰማ ጌታዬም አብሮኝ ይጮኻል ብሎ ሳይበረታ አይቀርም።

ሥራው እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር። የመጨረሻው ደረጃ ግን ዳቦው ከራሳቸው ከጎረቤቶቹ እጅ መምጣቱ ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ከሰው እጅ መብላት ካስተማራችሁት፣ መርዙንም እኮ ይበላዋል!» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ለዚህ ስጋት ፓቭሎቭም መልስ የለውም።

እናቴ ልጅ መላኩን ትታ ራሷ ወደ እማማ ዘንድ ሄደች። «ይህን ውሻ ያለ እርስዎ ማስተማር አልቻልንም» አለቻቸው። «በስተርጅናዬ የውሻ አስተማሪ ልሁን?» ብለው ሣቁ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላም የመጀመሪያውን ቡና ጠጡ። ውሻ መንካት ስለሚጸየፉ ዳቦውን ከሩቅ እየወረወሩ፣ ዘወር ብለው ሳያዩት ያልፉ ነበር። ይህም ሳያስቡት የተሻለው ዘዴ ሆነ፤ የሚፈራ ውሻ አፍጥጦ የሚያየውን ሰው አይወድምና። በሦስተኛው ሳምንት መከታ የምርኩዛቸውን ድምፅ ሲሰማ መጮኹን ትቶ ጅራቱን መቁላት ጀመረ።

የቀሩት ከበላያችን ያሉት ሰው ነበሩ። አንድ ማታ አባቴ ወጥተው መንገድ ላይ ጠበቋቸውና ከኪሳቸው ቁራሽ ዳቦ አውጥተው ሰጧቸው። «እርስዎ ይስጡት» አሏቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰውየው ዳቦውን ይዘው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም ጎንበስ ብለው በአጥሩ ቀዳዳ አስገቡለት። መከታ አሽትቶ በላ።

ጅብ በመጣ ሌሊት ጩኸቱ እንደ ቀድሞው ነው፤ በጎቹም ደኅና ናቸው። ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። ጃንጥላ የዘረጋ ሰው በጉም ውስጥ ሲመጣ፣ ጎረቤትም ቢሆን፣ መከታ እስከ ዛሬ ይጮኽበታል። እማማ ይህን ስለሚያውቁ፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን አጥራችን ዘንድ ሲደርሱ ጃንጥላቸውን አጥፈው ያልፋሉ።