የጉንደ ወይን ቁልቁለትና ለእናት የሚላክ ጫማ

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ ደጀን ላይ ስትወጡ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዳል፤ የቀኙ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል አድርጎ ወደ ሞጣ ያዘልቃል። ጉንደ ወይንን የምታገኟት በዚህ በሁለተኛው መንገድ፣ ሞጣ ከመግባታችሁ በፊት ነው። ከተማዋ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከበስተደቡብ ምዕራቧ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጮቄ ተራራ ቆሟል፤ በሌላው ወገን ደግሞ አገሩ እየተሰነጣጠቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። እንግዲህ በዚህ መካከል የሚኖር ሰው፣ ውሃ ለመቅዳትም ሆነ ገበያ ለመውጣት፣ ወይ ዳገት እየወጣ ወይ ቁልቁለት እየወረደ ነው ማለት ነው።

ወደዚያ የሚዘልቅ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው ተራራው ላይ ነው። እኛ ግን፣ እኅቶቻችን፣ በገበያ ቀን ጉንደ ወይን የመድረስ ዕድል ካጋጠማችሁ ዐይናችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የሰዉን እግር እንድትመለከቱ እንጠይቃችኋለን። ላስቲክ ጫማ ታያላችሁ፤ በረባሶ ታያላችሁ፤ የተማሪ ሸራ ጫማ፣ የገበሬ ቦቲ፣ አልፎ አልፎም የቆዳ ጫማ ታያላችሁ። ባዶ እግርም አይጠፋም። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሏት የሚገባው ግን ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ የምትመጣዋን ሴት ነው። ከከተማው ዳር ውሃ ካገኘች እግሯን ታጥባ ትጫማለች፤ ገበያዋን ስትጨርስ አውልቃ በባዶ እግሯ ትመለሳለች።

ለምን ቢሉ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቁጠባ ነው፤ ጫማ በድንጋይና በጭቃ ቶሎ እንዳያልቅ ይታዘንለታል፤ ለእግር የሚታዘን ግን የለም። ሁለተኛው ምክንያት በአንዲት ቃል ይነገራል፤ «ይበላኛል» ትላለች። ዳገት ስትወጣ ተረከዟን ይልጣታል፤ ቁልቁለት ስትወርድ ጣቶቿን ከፊት ይጨፈልቃታል።

ከእናንተ መካከል እናቷ፣ አክስቷ ወይም ታናሽ እኅቷ በጐጃም ገጠር የምትኖር ብዙ ትኖራለች። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ጫማ ገዝታችሁ በሰው እጅ ልካችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ያ ጫማ አሁን የት ነው? ሳጥን ውስጥ ከሆነ አይግረማችሁ። ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ይወጣል፤ በቀረው ቀን እናት በጓሮዋና በማሳዋ በባዶ እግሯ ትውላለች።

ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዐምድ ባላነሣነው ነበር። ጮቄ ጥንት የእሳተ ገሞራ ተራራ ነበረ፤ በዚያ ዙሪያና በመሰሎቹ የደጋ አገሮች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ሞልቷል። በዚህ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ የሚውል ሰው፣ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግሩ ቆዳ ዘልቆ ይገባና ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ያስቆጣል፤ እየቆየም ይዘጋቸዋል። መጀመሪያ የእግር ጣት አካባቢ ያሳክካል፤ ቀጥሎ ያቃጥላል፤ ከዚያ እግሩ ማበጥ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። ይህ በደጋ የሚታየው ዝሆኔ ነው። በቆላ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ የደጋው ግን ከትንኝ ጋር ግንኙነት የለውም። በ1960ዎቹ በአገራችን ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህን ልዩነት አጥንቶ ለደጋው በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አውጥቶለታል፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በምሥራቅ ጐጃም በደብረ ኤልያስ፣ በምዕራብ ጐጃም በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች ከመቶው 3.3 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በመላ አገሪቱ ደግሞ የሕሙማኑ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን በ2010 ዓ.ም. ተገምቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ይሁን እንጂ እርግማን ነው እየተባለ የታጨች ልጅ የቀረችበት፣ ጎረቤት ከማዕድ የራቀበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ሰውነት ለአፈሩ ቶሎ የመቆጣት ጠባይ እንዳለው እውነት ነው፤ ይህም በ2004 ዓ.ም. በጥናት ተረጋግጧል። ነገር ግን ከዚያ ቤተሰብ ብትወለድም እንኳ አፈሩ እግሯን ካላገኘው በሽታው አይነሣባትም።

«አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አልኖሩም ወይ? አበበ ቢቂላስ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አላሸነፈም ወይ?» የሚል ሰው አይታጣም። አበበ በ1952 ዓ.ም. መገባደጃ ሮም ላይ የሮጠው ከሁለት ሰዓት ጥቂት ለበለጠ ጊዜ፣ ያውም በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ ላይ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሲደግመውም ተጫምቶ ነበር። የሰዓቶች ሩጫና በቀይ አፈር ላይ የሚያልፍ ዕድሜ አይወዳደሩም።

አሁን ወደ ጫማዎቹ እንመለስ። በረባሶን እናስቀድም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የመኪና ጎማ እየተቀረጸ የሚሠራው ይህ ጫማ በድንጋያማ ቁልቁለት የሚያህለው የለም። እሾህ አይበሳውም፤ ማሰሪያው ቢበጠስ በአንድ ምስማር ይጠገናል። እግርን ግን ገላልጦ ይተዋል። ከማሳ የተመለሰን ሰው የእግር ጣቶች መካከል ብትመለከቱ በረባሶ ለድንጋይ እንጂ ለአፈር እንዳልተሠራ ትረዳላችሁ።

ሸራ ጫማ የተማሪ ነው። በበጋ ቀላልና ምቹ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃ ይጠጣል፤ በደጋው ብርድም ሳይደርቅ ያድራል። በሰኔም ሆነ በመስከረም ልጅቷ ጠዋት ስትነሣ ወይ እርጥቡን ታጠልቃለች፣ ወይ ትታው በባዶ እግሯ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ከላካችሁ ሁለት መሆን አለበት፤ ከመላካችሁም በፊት ሊስትሮ ሶሉን ዙሪያውን በናይለን ክር ይስፋላችሁ፤ ማስቲሹ ብቻውን የጉንደ ወይንን ጭቃ አይችልም።

የቆዳ ጫማ እግርን አቅፎ ይይዛል፤ አየርም ያስገባል። ጠላቱ ውሃ ብቻ ሳይሆን ምድጃም ነው። የራሰ ቆዳ እሳት ዳር ሲቀመጥ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃል። ውስጡ ወረቀት ወይም ደረቅ ጭድ ተጠቅጥቆበት ከእሳት ርቆ ይድረቅ፤ ከደረቀም በኋላ ቅባት ይቀባ። ይህን ለእናታችሁ ካልነገራችኋት የቆዳ ጫማ መላኩ ገንዘብ ማጥፋት ነው።

ቦቲ ለዋልካ ጭቃ ወደር የለውም። ሆኖም ለአባወራው ተብሎ የተገዛ ስለሚሆን ለሴቷ ሰፊ ነው፤ ውስጡ እግሯ ይዋኛል፤ እንስራ አዝላ ቁልቁለት ስትወርድም ያሰናክላታል።

የቀረው ላስቲክ ጫማ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ኮንጎ ይለዋል። ከተማ ውስጥ የሚናቅ ጫማ ነው፤ እኛ ግን ለዘወትር ሥራ የምናስቀድመው እሱን ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፤ በውሃ ተለቅልቆ ወዲያውኑ ይጠረጋል፤ ለነገ እርጥብ አያድርም። ቀዳዳ የሌለው፣ ጣቶችንም ተረከዝንም የሚሸፍን ዐይነት መሆን አለበት። ጉድለቱ ጠንካራነቱ ነው፤ ላብ ያወጣል፤ ጠርዙ ተረከዝንና ትንሿን ጣት ይበላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ምላጭ አንሥተው የሚጎዳቸውን ቦታ ይቆርጡታል። ጫማው በዚያው ቀን ይመቻል፤ በተከፈተው በኩል ግን አፈር እንደልቡ ይገባል። በዚህ ዐይነት የተሻሻለ ጫማ ስሙ ጫማ ይሁን እንጂ ግማሽ ባዶ እግር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአውሮፓ በአልፕስ ተራሮች በበረዶ መንሸራተቻ እየወጡ የሚወርዱ ሰዎች ልክ የጉንደ ወይኗ ሴት ችግር አለባቸው፤ ዳገት ላይ ተረከዝ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት። ጫማቸው ዳገት ሲወጡ ተረከዙ ከመንሸራተቻው ይለቀቅላቸዋል፤ ሊወርዱ ሲሉ ይቆለፍና ማሰሪያው ይጠብቃል። ጠንካራው የላስቲክ ገላ አጥንታቸውን ሲነካቸው አይቆርጡትም፤ ባለሙያ በሙቀት አለስልሶ ያን ቦታ ብቻ ወደ ውጪ ይገፋላቸዋል። (በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሆኖ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያምም የተጫማው ተረከዙ ነጻ የሆነ የበረዶ ጫማ ነበር።)

ጉንደ ወይን የበረዶ መንሸራተቻ የላትም፤ ላስቲክን በሙቀት መግራት ግን ለእኛ ሊስትሮ አዲስ አይደለም፤ የተቀደደውን ላስቲክ ጫማ በጋለ ብረት ሲያጣብቅ ኖሯል። እንግዲህ በትንሿ ጣት በኩል የሚጠበውን ጫማ በዚያ ቦታ ብቻ ሙቅ ውሃ አፍስሶ ያለስልሰው፤ ጫፉ የደደረ እንጨት ከውስጥ ወትፎ እስኪቀዘቅዝ ይተወው። ላስቲኩ ስስ ከሆነ ግን አይሞከር። በተረከዙ በኩል ጠርዙ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ስስ ቆዳ ገበር ይደረግለት። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ማሰሪያ በእግር ጀርባ ላይ በኩል ይሰፋለት፤ ጣቶችን የሚያድናቸው ይህ ማሰሪያ ነው። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሁለት ጥንድ የውስጥ ሶል ይቆረጥ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል። ካልሲም አይረሳ፤ ላስቲክ ያለ ካልሲ ቆዳ ይልጣል። ይህ ሁሉ የከተማ ሊስትሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ የምትከፍሉትም ከጫማው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ጫማ ብቻውን አይፈታውም። በእኛ አገር የእንግዳን እግር ማጠብ የቆየ ክብር ነው። ገበያ ውሎ የመጣው አባወራ እግሩን ይታጠባል፤ እንግዳውም ይታጠባል። አጣቢዋ ሴት ግን ውሃውን ራሷ ከሩቅ ቀድታ፣ እንጨቱን ራሷ ለቅማ፣ የሁሉን እግር ካጠበች በኋላ የራሷን እግር አፈሩን እንደያዘ ይዛው ትተኛለች። በጫማ ውስጥ የገባ አፈርም እስኪታጠብ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ በየማታው እግርን በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውንም አድርቆ ቫዝሊን መቀባት የጫማው ሌላኛው ግማሽ ነው።

እግሯ አስቀድሞ ያበጠ እናት ወይም እኅት ካለቻችሁ «ጊዜው አልፏል» አትበሉ። በምሥራቅ ጐጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ ሲሰጡ ትኩሳት እያመጣ አልጋ ላይ የሚጥለው የሕመሙ ቁጣ በአምስት እጅ አንዱን ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ለአንዲት ገበሬ ሴት በዓመት ብዙ የሥራ ቀን ነው። ለእንዲህ ዐይነቱ እግር የገበያ ጫማ አይሆንም፤ በልክ መሠራት አለበት። በወላይታ ሶዶ ሕሙማን ራሳቸው ሙያውን ተምረው እንዲህ ያለ ሰፋፊ ጫማ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የትም ያለ ጥሩ ጫማ ሰፊ ልኩ በትክክል ከተሰጠው ሊሠራው ይችላል።

ልኩን በተመለከተ፣ በሰንበሌጥ ወይም በክር ለክቶ በመንገደኛ እጅ መላክ የቆየ ልማድ ነው። ክር ርዝመትን ይነግራል፤ ስፋትን ግን አይነግርም፤ ጫማ የሚበላው ደግሞ ባብዛኛው በስፋቱ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ወረቀት ላይ ቆማ የሁለቱም እግሯ ዙሪያ በእርሳስ ይነደፍ። አንዱ እግር ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነውና ጫማው የሚገዛው በትልቁ ነው። ልኩ የሚወሰደው በማለዳ ሳይሆን ወደ ማታ፣ እግር በሥራ ከዋለ በኋላ፣ ካልሲም ተደርጎ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ፤ ቁልቁለት ሲወረድ ያስፈልጋል። ስትልኩትም ጥንድ ካልሲዎችና ሳሙና ከውስጡ ክተቱበት፤ «የዘወትር ነው፣ ሳጥን አይገባም» ብላችሁም በመልእክተኛው አፍ አስነግሩ።