የባንክ መዝገብ አንድ መሆንና የቤተ ሰብ አደራ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያን ባንክ ካስከፈቱ ጀምሮ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ፣ ባንክ ማለት ሰው መልኩንና ፊርማውን ይዞ የሚቀርብበት ቤት ነበር። ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው የሚያወጣውም ደብተሩን ከከፈተበት ቅርንጫፍ ነበር። በሰበታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ በሱሉልታ ላሉት እናቷ ብር ለማድረስ ከጅማ መንገድ ተነሥታ፣ አዲስ አበባን አቋርጣ፣ እስከ ጎጃም መንገድ ትደክም ነበር፤ ወይም ለመንገደኛ አደራ ትሰጥ ነበር።

አሁን ግን ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን በኮምፒዩተር መረብ አያይዘው መዝገቡን አንድ አድርገውታል። በሰበታ የተጻፈው ቁጥር ወዲያው በቡራዩም በሱሉልታም ይነበባል። መሥመሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን «ሲስተም የለም» ተብሎ ገንዘቡ በሣጥን ሳለ ባለገንዘቡ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ለመድኃኒትና ለእህል የሚሆን ጥቂት ብር በቤት ማኖር ብልህነት ነው።

እኛን አብልጦ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የዱሮው ገንዘብ ከፋይ ደንበኛውን በመልኩ ያውቀው ነበር፤ መረቡ ግን የምሥጢሩን ቁጥር እንጂ ቁጥሩን የነካውን እጅ አይለይም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራችን ያየናቸው አንዲት ባልቴት ማንበብ ስለማይችሉ ቁጥራቸውን ለዘመድ ልጅ ነገሩ። ገንዘባቸው ባለቀ ጊዜ መዝገቡ «ባለቤቷ ወሰዱ» ብሎ መሰከረባቸው፤ ሌላ ምስክር አልነበራቸውም።

መዝገቡ ራሱ ሲሳሳት ደግሞ ፈተናው ይከብዳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ስሕተት በደረሰ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም የዩኒቨርሲቲ ተማሮች፣ በሒሳባቸው የሌለውን ብር በአንድ ሌሊት አወጡ። መዝገቡ አንድ ነውና ስሕተቱም በየከተማው በአንድ ጊዜ ታየ። ባንኩ ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቀ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በአደባባይ አወጣ። ከገንዘቡ አብዛኛው ተመለሰ፤ ስም ግን እንደ ብር ተቈጥሮ አይመለስም።

እነዚያ ልጆች የሰው ቤት ሰብረው አያውቁም ይሆናል፤ «ማሽኑ ከሰጠኝ የእኔ ነው» የሚለው አሳብ ግን አሳታቸው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የምሥጢር ቁጥር ለዘመድም እንኳ እንደማይነገር ለልጆቻችሁ አስተምሩ። ማንበብ የማይችሉ ሽማግሎችም ደብተራቸውን ይዘው ከገንዘብ ከፋዩ ፊት ቢቀርቡ ይሻላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ማሽን ቈጥሮ ቢሰጠውም የሰው ገንዘብ የሰው ነው።