ነጠላው ላይ የታየው ቀዳዳ

በ2003 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በብዛት የሚመጣልን ሥራ ቤተሰብ ማገናኘት ነው። እናት አዲስ አበባ፣ ልጆች ዋሽንግተን ናቸው፤ በአካል ያልተገናኙትን በአንድ ፎቶ ጎን ለጎን አቁመን እናትማለን። ለዚህም ሰውየውን ከነባክግራውንዱ አናስቀምጥም። ቆርጠን በፒኤንጂ እናስቀምጠዋለን። ጄፔግ ባዶ ቦታ መያዝ ስለማይችል አይሆንም።

አንድ ቅዳሜ ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ መጣ። የተነሱት ነጭ ግድግዳ ተደግፈው ነው። የቆረጠው ልጅ ፎቶሾፕ ባዶ ቦታን በሚያሳይበት ነጭና ግራጫ ዳማ ላይ አየውና “አለቀ” አለ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው ኤዲተር ከኋላው ቆመው ነበር።

“እስቲ ከሥሩ ጥቁር አድርግበት።”

ጥቁር ሌየር ሲገባ በፀጉራቸው ዙሪያ ነጭ ክር ወጣ። ቀጥለው ቀይ አስደረጉት። ነጠላው ተበሳስቶ ታየ፤ መምረጫው ነጩን ጨርቅ ከነጩ ግድግዳ መለየት አቅቶት አብሮ በልቶታል። በነጭ ላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ አርፎ የነበረው የትከሻቸው ጥላ ተለጥፎ ቀርቷል።

“ይኼ ሳሎን ውስጥ ነው የሚሰቀለው፤ እንግዳ ሁሉ ያየዋል” አሉ ጋሼ፣ ወንበሩን እየሳቡ።

ሲሠሩ ነገሩን አስረዱን። ጠርዝ ላይ ያለ ፒክስል ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ ግድግዳ ነው፤ ካሜራው ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ቀለም ያደርጋቸዋል። ግድግዳው ቢጠፋም ቅልቅሉ ይቀራል። የተለመደው ፒኤንጂ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 255 የሚደርስ የግልጽነት ደረጃ አለው፤ ጠርዝን በከፊል ማሳሳት ይቻላል። ቀለሙ ካልጸዳ ግን ማሳሳቱ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ የፀጉሩን ጫፍ በራሱ በፀጉሩ ቀለም ቀቡት፣ ጥላውን አጠፉ፣ የተበላውን ነጠላ በማስክ መለሱ። ስስ የሆነውን የነጠላ ጫፍ ግን ከኋላው ያለው እንዲታይበት ከፊል ግልጽ አደረጉት። በመጨረሻ ልጆቹ የቆሙበትን አረንጓዴ ግቢ ከሥር አስገብተው አዩት።

ምስል ቆርጣችሁ የምታስረክቡ ሁሉ፣ ዳማውን አትመኑት፤ ነጭና ግራጫ ስለሆነ ነጭ ጠርዝን ይደብቃል። ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ደማቅ ቀለም፣ ከዚያም ምስሉ የሚያርፍበትን ራሱን ፎቶ ከሥር አስገቡና አጉልታችሁ ዙሪያውን እዩ። ደንበኛው ከማየቱ በፊት እናንተ እዩት።