ለጨዋታም ይከፈላል እንዴ?

ቅዳሜ ማታ አምስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ እንከባለን፤ ስድስተኛው የጨዋታ መሪው ነው። ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን፤ እኔ ሌባ ነኝ። መሪው ግን የቀረው ዓለም በሙሉ ነው፤ ንጉሡም፣ ጠጅ ሻጯም፣ ዘንዶውም፣ ዝናቡም እሱ። እኛ «በሩን እሰብራለሁ» እንላለን፣ ሃያ ጎን ያላት ጠጠር ትወረወራለች፣ ከበሩ ኋላ ያለውን እሱ ይነግረናል።

ባለፈው የትምህርት ወቅት ይኸው መሪያችን «ከእንግዲህ ከየሰው 15 ዶላር እቀበላለሁ» አለ። አፌን መያዝ አቃተኝ። «ጓደኛ ከጓደኛው ለጨዋታ ገንዘብ ይቀበላል እንዴ? እኛ አገር ተረት በነፃ ነው!» አልኩ፣ አገሬን መሸሸጊያ አድርጌ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ።

ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ሒሳብ ሠራሁ። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ ለ4 ሰዓት ጨዋታ 6 ሰዓት ይዘጋጃል። አምስት ሰው በ15 ሲባዛ 75 ዶላር፤ ለ10 ሰዓት ሲካፈል 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። እንግዲህ ሰውዬው ንጉሥም ዘንዶም ሆኖ በሰዓት 25 ሳንቲም አተረፈ ማለት ነው!

ደግሞስ ምን ብዬ ነው «በነፃ ነው» ያልኩት? አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። «ተቀበል» ብለህ ስንኝ ትወረውራለህ፣ እሱ ተቀብሎ በማሲንቆው ያሳምርልሃል፣ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋለህ። የኛም ጨዋታ ያው ነው፤ እኛ እንወረውራለን፣ መሪው ይቀበላል። እርግጥ አዝማሪውን የምትሸልመው ደስ ሲልህ ነው፤ የኛው ሰው ግን አስቀድሞ ዋጋ ቆርጧል። ዋጋ ከተቆረጠ ደግሞ ተጫዋቹ ደንበኛ ሆነ። ደንበኛን ማን ይደፍራል? የከፈልኩበት ሌባዬ ጉድጓድ ገብቶ ቢሞት ዝም ብሎ ያያል ወይስ ገመድ ይወረውርለታል? እኔን የከነከነኝ ይሄ ነው፤ ገንዘቡ አይደለም። (እሺ፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው።)

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሜ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅሁት፤ 15 ዶላሩንም ሰጠሁት። ቆጥሮ ኪሱ ከተተ።

«የት ነበር ያቆምነው?» አለኝ።

ሌባዬ ዋሻው ደጃፍ ላይ ነበር። ጠጠሯን ወረወርኩ፤ ከሁሉ የከፋችው 1 ወጣች። ቀና ብዬ አየሁት። ፈገግም ሳይል የጉድጓዱን ጥልቀት ይነግረኝ ጀመር።