አንኳኳውና ስማው

ለአባባ የደወልኩት 200 ክሮነር ተበልቼ ቤት እንደገባሁ ነበር። እጄ ላይ ሁለት ረጃጅም አሮጌ እንጨቶች ነበሩ። ለምን እንደደወልኩ እስካሁን በደንብ አላውቅም፤ ያው፣ እንጨት ሲባል ሌላ የሚታወሰኝ ሰው የለም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ኦስሎ ስኖር ይሄ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ የምትጠየቁት "ስኪ ወጣህ?" ተብላችሁ ነው። "ኖርዌጂያን ስኪ እግሩ ላይ አድርጎ ነው የሚወለደው" ይላሉ፣ ሲቀልዱ እንዳይመስላችሁ። አንድ ባልደረባዬ "ኢትዮጵያ ውስጥ ስኪ የሚችል ሰው አለ?" ሲለኝ ሮቤል ተክለማርያምን ጠራሁለት፤ አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረው የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒያናችን። "እና አንተስ?" አለኝ። እኔማ በረዶ ላይ ቀጥ ብዬ መቆምም አልችልም ነበር።

ቴሌቪዥን ላይ ከተራራ ቁልቁል ሲወረወሩ የምታዩት ሌላ ነው። አገር አቋራጩ ሜዳውንም ዳገቱንም በራስ ጉልበት የሚኬድበት ነው። ስኪው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ጫማው የሚያያዘው ጣት ጋ ብቻ ስለሆነ ተረከዝ እንደ እርምጃ ይነሣል። አዲስ ሙሉ ዕቃ ግን የቤት ኪራዬን ግማሽ ሊበላ ሆነ። ስለዚህ አሮጌ መፈለግ ጀመርኩ።

አሮጌ እንጨት ስኪ ኖርዌይ ውስጥ ሞልቷል። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ስኪ ማለት እንጨት ነበር። በ1974 ፋሉን፣ ስዊድን፣ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ቶማስ ማግኑሰን የ30 ኪሎ ሜትሩን ውድድር በፋይበርግላስ ስኪ አሸነፈ፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጨቱ ከውድድር ወጣ። በእኛ ሙያ ቋንቋ ዲፕሪኬትድ ሆነ። በየምድር ቤቱ ተከማቸ፣ የቀረው የጎጆ ቤት ግድግዳ ማስጌጫ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን የገዛሁት ፎቶ አይቼ ነው። ቀለማቸው ያምራል። ቤት ገብቼ መሬት ላይ ሳስቀምጣቸው አንደኛው ወደ ጎን ጠምሟል፣ የሌላኛው ጫፍ ደግሞ እንደ መጽሐፍ ተገላልጧል። ለአባባ በቪዲዮ አሳየኋቸው።

"ኮላው ለቆታል" አሉ ወዲያው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፦ "ሳታንኳኳ ገዛህ?"

አባባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ አናጢ ነበሩ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የሬሳ ሣጥንም ሠርተዋል። እኔን ግን መላጊያ አስነክተውኝ አያውቁም። "አንተ ተማር" ነበር መልሳቸው፣ ተማርኩ። ከውጭ የሚገባው የቺፑድ ዕቃ ገበያውን ሲወስደው ሱቁን ዘጉ፣ መሣሪያዎቹም አልጋ ሥር ገቡ። ከዚያ ወዲህ የስልክ ወሬያችን ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር። "ደህና ነህ? ብርዱስ? ሥራስ?" ሥራዬን ላስረዳቸው ሞክሬ አውቃለሁ። "እንግዲህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው" ይላሉ፣ ስልኩንም ለእማዬ ያቀብላሉ።

ያን ቀን 40 ደቂቃ አወራን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛ ጥንድ ለማየት ስሄድ አባባን በስልክ ይዤ ሄድኩ። ሻጯ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው፤ ስኪው የሟች ባላቸው ነበር። ምድር ቤት ወረድን፣ ጥሩነቱ ኔትወርክ አለ። አንድ የደብረ ብርሃን አናጢ በማላውቀው ሰው ምድር ቤት ውስጥ የኖርዌይ ስኪ ሲመረምር አስቡት።

"ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትህ መገጣጠሚያ አንኳኳው፣ ድምፁንም ስማው" አሉ። እማዬ ገበያ ምጣድ ስትገዛ እንደምታደርገው ማለት ነው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ኮላው የለቀቀበት ቦታ ላይ ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ "አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ከጫፉ ወደ ታች ተመልከት" አሉ። የተጣመመ ወዲያው ያስታውቃል። ብሎኖቹ የገቡበትን መሐል በጥፍሬ አስዳሰሱኝ፤ እንጨት መሰንጠቅ የሚጀምረው ከተበሳበት ነው።

አባባ የማያውቁትን እኔ አንብቤ ነበር። ስኪ ሲሠራ ከመሐሉ እንደ ቀስት ጎበጥ ይደረጋል። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥማችሁ ስትጨምቋቸው እንደ ሞላ መግፋት አለባቸው። መሬት ላይ አኑራችሁ በሁለት እግር ስትቆሙባቸው ከጫማው ሥር ወረቀት መንሸራተት አለበት፤ ክብደታችሁን በአንድ እግር ስታደርጉት ደግሞ ወረቀቱ መያዝ አለበት። ጉብታው የሞተ ስኪ አይገፋም። ይህን ሳስረዳቸው አባባ "የጋሪ ባሌስትራ በለኛ!" አሉ። በሕይወቴ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ነግሬያቸው ሲገባቸው ያየሁት ያኔ ነው።

ርዝመቱም ልክ ነበር፤ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ጫፉ አንጓዬ ላይ ደረሰ። ሶሉ ሂኮሪ ነው፤ ኖርዌጂያኖች ለጥንካሬው ሲሉ ከአሜሪካ ያስመጡት የነበረ ከባድ እንጨት። የጫማው መያዣ "ሮተፌላ" ይባላል፣ የአይጥ ወጥመድ ማለት ነው። ብሮር ዊት የሚባል ኖርዌጂያን በ1927 የፈለሰፈው ሲሆን ሦስት አጫጭር ችንካሮች አሉት። በዚሁ በ75 ሚሊ ሜትር ልክ የሚሠራ ጫማ ዛሬም ይሸጣል፣ የግራና የቀኙን ብቻ አታምታቱ።

ሴትየዋ ገንዘቡን ሳይቀበሉ "ግድግዳ ላይ ልትሰቅላቸው ነው?" አሉኝ።

"አይ፣ ልሄድባቸው።"

ከመደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አውርደው ጨመሩልኝ። ቅጥራን ነበር።

የእንጨት ስኪ ሶል ውሃ እንዳይመጠው የጥድ ቅጥራን ይጠጣል። አሮጌውን ትፍቃላችሁ፣ አዲሱን በስሱ ትቀቡታላችሁ፣ ከዚያ በጋዝ እሳት እያሞቃችሁ አረፋ ሲያወጣ በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ። እሳቱን አንድ ቦታ ካቆማችሁት እንጨቱ ያርራል። በረንዳ ላይ ስሠራ አባባ ስልኩ ውስጥ ሆነው "አንቀሳቅሰው! አንቀሳቅሰው!" እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። ሽታው ጭስና ሙጫ ነው፣ ከጃኬቴ ሳይለቅ ወር ቆየ።

ቅጥራኑ ላይ ሰም ይመጣል፤ የሚመረጠውም በሙቀት ነው። ለጠንካራ ብርድ አረንጓዴ፣ ለተለመደው ብርድ ሰማያዊ፣ ዜሮ አካባቢ ወይን ጠጅ፣ ሲቀልጥ ቀይ። ከእግር ሥር ትቀቡታላችሁ፤ ስትረግጡት በረዶው ሰሙን ነክሶ ይይዛል፣ ስትንሸራተቱ ይለቃል። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም "በረዶ" ብለን ጨርሰናል፣ እነዚህ ሰዎች ግን ለእያንዳንዱ ቀለም አላቸው።

የመጀመሪያ ቀን ሜትሮ ይዤ ሶግንስቫን ወረድኩ። ጫካው በራፍ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አልቆጠርኩም፤ የአራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ግን ሁለት ጊዜ አልፋኛለች። ሰሙን አሳስቼ ስለነበር ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንሸራተት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ትረግጣለህ፣ ይይዝሃል፣ ከዚያ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። እንጨቱ በረዶው ላይ ቀስ ያለ የሹክሹክታ ድምፅ አለው። ያንን ቀርጬ ለአባባ ላክሁላቸው። እማዬ እንደነገረችኝ ለጎረቤት ሁሉ አሰምተዋል።

ባለፈው መጋቢት ቁልቁለት ላይ ወድቄ የአንዱ ስኪ ጫፍ ተሰበረ። ድሮ የእንጨት ስኪ ይዘው ሩቅ የሚሄዱ ሰዎች መለዋወጫ ጫፍ ቦርሳቸው ውስጥ ይይዙ ነበር። እኔ አልያዝኩም። ስኪውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ጉልበቴ ድረስ እየሰመጥኩ ስመለስ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር፦ አሁን ስለ ምን እናወራለን?

ስነግራቸው አልተቆጡም። "ስባሪውን ላክልኝ፣ እንጨቱን ልየው" አሉ።

አገር ቤት የሚሄድ ጓደኛዬ አንድ ክንድ የማይሞላውን ስባሪ ሻንጣው ውስጥ ይዞላቸው ሄደ። ፋሲካ ዋዜማ ላይ ደወሉ። እሳቸው ራሳቸው ሲደውሉ በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ካሜራውን ወደ ታች አዙረውታል። መሣሪያዎቹ ከአልጋ ሥር ወጥተው ጆንያ ላይ ተደርድረዋል፣ ስባሪው በማሰሪያ ተይዟል፣ መሬቱ ላይ ስስ ፍቅፋቂ አለ።

"ይሄ ሂኮሪ ያልከው እልኸኛ ነው፤ መላጊያዬን ሁለት ጊዜ ሞረድኩት" አሉ። የተጣበቁትን ሳንቆች አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ ቆጠሩልኝ። ከዚያ የቀረው ስኪ ስብራቱ ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው ወይስ ሰያፍ ነው? ሰያፍ ነው አልኳቸው።

"ሰያፍ ከሆነማ ይገጠማል። ወይራ አለኝ። ልኩን በሚሊ ሜትር ጽፈህ ላክ፤ በዓይንህ እንዳትገምት።"

ካሊፐር ገዛሁ። ትናንት ማታ ለክቼ ላክሁላቸው። ጠዋት ስነሣ መልእክት ገብቷል፦ "ሁለተኛው ልኬት ተሳስተሃል። ድገመው።"